ለካምፕ ሱቅ ካሽ ወይስ ካርድ? ለሼናንዶዋ ጠያቂያችን የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «እኔና ባለቤቴ ቨርጂኒያ፣ ሼናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ፣ 60 የድንኳንና የአርቪ (የመኖሪያ መኪና) ቦታ ባለው የግል ካምፕግራውንድ ያለችውን ትንሽ ሱቅ ልንረከብ ነው። ማገዶ፣ በረዶ፣ ለስላሳ፣ አይስክሬምና ከሰል ትሸጣለች። የልብስ ማጠቢያውና የሻወሩ ሳንቲምም የሚዘረዘረው እዚያው ነው። የቀድሞው ሰው በካሽ ብቻ ነበር የሚሠራው፤ ኔትወርኩም ደካማ ነው። በካሽ እንቀጥል? ካርድ ብናስገባ ክፍያው ትርፋችንን አይጨርሰውም? ከ10 ዶላር በታች በካርድ አንሸጥም ማለትስ ይቻላል? ሐበሻ እንግዶች ደግሞ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላከው) እንክፈል ይላሉ።»

ካርድ ያስገቡ፣ ካሹንም አይተዉ። ይህን ማንም ይነግርዎታል። ሥራው ያለው የትኛውን ዕቃ እንዴት ማስከፈል እንደሚያዋጣ፣ መስመር ሲጠፋ ምን እንደሚደረግና ኳርተሩ (ባለ 25 ሳንቲሙ) ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ላይ ነው።

በካሽ ብቻ መቀጠልን በቶሎ እንዝጋው። የዛሬ ካምፐር ቦታውን ከቤቱ በካርድ ከፍሎ ይመጣል። እንደ ዴዝ ቫሊ ያሉ ብሔራዊ ፓርኮች ከ2023 ጀምሮ መግቢያቸው ላይ ጥሬ ገንዘብ መቀበል ስላቆሙ ሰው ካሽ ሳይዝ ጫካ መግባትን ለምዷል። «ካሽ ብቻ» የሚል ወረቀት በርዎ ላይ ያየ ሰው መኪናውን አስነስቶ ከተማ ይወርዳል። የሚያስቀርብዎት ደግሞ ሊገዛ የመጣውን የማገዶ እስር ብቻ አይደለም፤ በረዶውንም ውኃውንም የልጆቹን አይስክሬምም ከዚያው ገዝቶ ይመለሳል። በተቃራኒው ካርድ ብቻ ማድረግን የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም፤ እንደ ኒው ጀርሲ፣ ማሳቹሴትስና ኮሎራዶ ያሉ ክፍለ ግዛቶች ግን ሱቆች ካሽ እንዲቀበሉ ያስገድዳሉ። ለእርስዎ ካሽን የማይተውበት ምክንያት ሕግ ሳይሆን የጠቀሱት ኔትወርክ ነው።

አሁን ወደ ክፍያው። ለትንንሽ ሱቆች በአንድ ወጥ ተመን የሚሠሩት የካርድ አገልግሎቶች፣ ደንበኛው ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያስነካው ካርድ የሚወስዱት 2.6 በመቶ ሲደመር 15 ሳንቲም አካባቢ ነው። የእርስዎ ውል ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው መቶኛውን ነው። የካምፕ ሱቅን የሚበላው ግን 15 ሳንቲሙ ነው። በ2 ዶላር አይስክሬም ላይ ክፍያው 20 ሳንቲም ይሆናል፣ ማለትም 10 በመቶ። በ8 ዶላር ማገዶ ላይ 36 ሳንቲም፣ 4.5 በመቶ። በ30 ዶላር ግዢ ላይ 93 ሳንቲም፣ 3.1 በመቶ። በረዶውን ደግሞ ጠጋ ብለው ይዩት፦ ከረጢቱን በ1.75 ገዝተው በ3.50 ቢሸጡ ክፍያው 24 ሳንቲም ነው። ከሽያጩ 7 በመቶ ቢመስልም፣ ኪስዎ ሊገባ ከነበረው 1.75 ላይ ሲሰላ 14 በመቶ ገደማ ሄዷል ማለት ነው። ክፍያው የሚሰላው ታክሱን ጨምሮ በጠቅላላው ድምር ላይ መሆኑንም አይርሱ፤ ለመንግሥት ለሚያስረክቡት ታክስም የካርድ ክፍያ እየከፈሉ ነው።

ካሽስ በነፃ ነው? በቀን ግማሽ ሰዓት ለቆጠራ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ባንክ ደርሶ ለመመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ተኩል ይያዙ። በሳምንት 6 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሰዓቱን በ15 ዶላር ቢያስቡት 97 ዶላር ተኩል። ሽያጭዎ በሳምንት 2,500 ዶላር ቢሆንና ሁሉም በካሽ ቢገባ ወጪው 3.9 በመቶ ነው። ያው 2,500 በአማካይ የ12 ዶላር ግዢ ሆኖ በካርድ ቢገባ 208 ያህል ግዢ ይሆናል፤ 65 ዶላር በመቶኛው፣ 31 ዶላር ገደማ በ15 ሳንቲሙ፣ በድምሩ 96 ዶላር። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የራስን ጉልበት በዜሮ የሚያሰላ ሰው ግን ይህን ፈጽሞ አያየውም፤ በቤተሰብ የሚሠራ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ይህ የተለመደ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ካሹ በግማሽ ቢቀንስ የባንክ መንገዱ በግማሽ አይቀንስም። ስለዚህ ካርድ ካስገቡ በኋላ የባንኩን ጉዞ ወደ ሳምንት አንዴ ካላወረዱት ሁለቱንም ወጪ ተሸክመው ይቀራሉ።

በር ላይ የሚመጡ ሻጮች «ባንኩ የሚያስከፍለውን ብቻ እናስከፍልዎታለን፣ በላዩ ጥቂት ነው የምንጨምረው» የሚል ውል ያመጣሉ። ውሸት አይደለም፤ ለእርስዎ ሱቅ ግን አይሆንም። ትልልቅ ባንኮች ከሚያወጡት የዴቢት ካርድ ላይ የሚወሰደው በፌዴራል ደንብ የተገደበ ሲሆን ጣሪያው 21 ሳንቲም ሲደመር 0.05 በመቶ ነው፤ ለማጭበርበር መከላከያ ደግሞ 1 ሳንቲም ይጨመራል። በ30 ዶላር ግዢ ላይ ይህ 24 ሳንቲም ብቻ ስለሆነ ግሩም ነው። በ3 ዶላር ላይ ግን ባንኩ ብቻውን 22 ሳንቲም ይወስዳል፤ አቀነባባሪው (ክፍያውን የሚያስተላልፈው ድርጅት) የራሱን 10 ሳንቲም ሲጨምርበት 32 ይደርሳል። በአንድ ወጥ ተመን ያው ግዢ 23 ሳንቲም ነበር። አማካይ ግዢዎ ከ15 ዶላር በታች እስከሆነ ድረስ አንድ ወጥ ተመን ላይ ይቆዩ፤ ከአንድ ወቅት በኋላ አማካዩን ከሪፖርቱ አይተው እንደገና ያስቡበት።

የ10 ዶላሩ ጥያቄ። በፌዴራል ሕግ ለክሬዲት ካርድ እስከ 10 ዶላር የሚደርስ ዝቅተኛ ግዢ መወሰን ይፈቀዳል፤ በተለያዩ የክሬዲት ካርዶች መካከል ካላዳሉ። ለዴቢት ግን አይፈቀድም። ችግሩ ደንበኛው ስልኩን ማሽኑ ላይ ሲያስነካ ዴቢት ይሁን ክሬዲት እርስዎ አያውቁም። ስለዚህ «ከ10 ዶላር በታች ካርድ አንቀበልም» የሚለው ወረቀት ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ ደንብ ጥሷል። የካርድ ክፍያውን በደንበኛው ላይ መጨመርም እንዲሁ ነው፦ በዴቢትና በቅድመ ክፍያ ካርድ ላይ ክልክል ነው፤ በክሬዲት ላይ ቪዛ ከ3 በመቶ በላይ አይፈቅድም፤ አስቀድሞ ማሳወቅ፣ በሩና ሒሳብ መቀበያው ላይ መለጠፍ፣ ደረሰኙ ላይም ለብቻው መጻፍ ይጠይቃል። ለ20 ሳንቲም ይህን ሁሉ ጣጣ አይግቡበት። ሕጋዊውና ቀላሉ መንገድ የካሽ ቅናሽ ነው፦ መደርደሪያው ላይ የሚለጠፈው የካርዱ ዋጋ ይሁን፤ በካሽ ለሚከፍል ዝቅ ያለ ዋጋ ይስጡ። ይህንንም በሁሉም ዕቃ ላይ ሳይሆን በማገዶና በበረዶ ላይ ብቻ ቢያደርጉት በቂ ነው። ሕፃን ልጅ አይስክሬም ይዞ ሁለት ዋጋ ሲነገረው ግራ ይጋባል፤ ወረፋውም ይቆማል።

ከዚያ የሚበልጠው መፍትሔ ግን ግዢዎችን ማሰባሰብ ነው፤ የካምፕ ሱቅ ከመንገድ ዳር ሱቅ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ደንበኛዎ ማን እንደሆነ፣ የትኛው ቦታ ላይ እንዳረፈና መቼ እንደሚሄድ ያውቃሉ። አንድ ቤተሰብ ከዓርብ እስከ እሑድ አምስት ጊዜ እየመጣ የ6 የ6 ዶላር ቢገዛ በካርድ ክፍያ 1.53 ይወጣል። ያንኑ በቦታ ቁጥሩ ሒሳብ ከፍተው በመጨረሻ 30 ዶላር አንድ ጊዜ ቢቆርጡት 93 ሳንቲም ነው። በአንድ ቤተሰብ 60 ሳንቲም ተረፈ፤ 60 ቦታ በሞላበት ቅዳሜና እሑድ 36 ዶላር መሆኑ ነው። አደጋው እሑድ ጠዋት ድንኳኑን ነቅሎ ሳይከፍል የሚሄደው ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ሲከፈት ካርዱ ይነካ፣ ማሽኑም ቅድመ ፈቃድ ይውሰድ፣ ማለትም ገንዘቡን ካርዱ ላይ አስቀድሞ ያስይዝ፤ አብዛኞቹ የሬስቶራንት መተግበሪያዎች «ታብ» በሚሉት ክፍል ይህን ያደርጋሉ። የካርዱን ቁጥር በደብተር መጻፍ ግን አይሞከርም። ደንቡም ይከለክላል፣ በእጅ የሚገባ ቁጥርም ክፍያው ወደ 3.5 በመቶ ይወጣል፤ ካርዱ የተሰረቀ ከሆነም ኪሳራው የእርስዎ ነው።

ሒሳብ መክፈት ከበዳችሁ ሲገቡ የሚሸጥ ጥቅል ያዘጋጁ፦ ሦስት እስር ማገዶና ሁለት ከረጢት በረዶ በአንድ ዋጋ፣ በቁጥር በተቆረጠ ኩፖን። አይስክሬሙንም ሦስቱን በ5 ዶላር ያድርጉት፤ ክፍያው ከ10 ወደ 5.6 በመቶ ይወርዳል።

ኔትወርኩን በተመለከተ፣ ማሽን ከመግዛትዎ በፊት አንድ ዓርብ ማታ እዚያው ሱቅ ውስጥ ቆመው ይፈትሹት። ማክሰኞ ጠዋት ጥሩ የሚሠራ መስመር ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ድረስ ይታነቃል፤ 60 ቤተሰብ አንድ ማማ ላይ ተጣብቆ ልጆቹ ቪዲዮ ሲያዩ የእርስዎ ማሽን «በመገናኘት ላይ» እያለ ይሽከረከራል። ካምፑ የእንግዳ ዋይፋይ ካለው ማሽኑን እዚያ ላይ አያስገቡት። በፍጥነቱ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ የካርድ ደኅንነት ደንቡ የክፍያው መስመር ከእንግዳው መስመር እንዲለይ ይጠይቃል። ጣሪያ ላይ የሚተከል አንቴና ያለው የሞባይል ዳታ ራውተር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ሲም ካርዱን ግን ስልክዎ ካለበት ኩባንያ ሳይሆን እዚያ ሸለቆ ውስጥ ከሚሻለው ኩባንያ ይምረጡ። ካልሆነ ሳተላይት አለ። መብራት ሲጠፋም ያስቡበት፦ ራውተርና ማሽን አብረው 20 ዋት ቢወስዱ ባለ 300 ዋት ሰዓት ባትሪ ቀኑን ሙሉ ያቆማቸዋል፤ የሳተላይት ሳሕን ከተጨመረበት ግን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

መስመሩ ፈጽሞ ሲጠፋ ማሽኑ ያለ መስመር መቀበል ይችላል፤ ካርዱን አንብቦ ያስቀምጥና መስመር ሲመጣ ይልከዋል። ይህ እንደ ዱቤ ነው እንጂ ክፍያ አይደለም። ካርዱ ገንዘብ ከሌለው በኋላ ይመለሳል፣ ደንበኛው ያን ጊዜ ፔንሲልቬኒያ ገብቷል። የሚላክበትም የጊዜ ገደብ አለው፤ 24 ሰዓት የሆነ አለ፣ ከዚያ የሚረዝምም አለ፤ ካለፈ ገንዘቡ ቀረ። ስለዚህ በቅንብሩ ውስጥ ያለ መስመር የሚቀበለውን ጣሪያ 25 ዶላር ላይ ያድርጉት፤ ከዚያ በላይ ካሽ ወይም ጥበቃ። ያልተላኩ ክፍያዎች እያሉ ከመተግበሪያው አይውጡ፣ አያድሱት፣ አያጥፉት፤ ክፍያዎቹ ያሉት እዚያው መሣሪያ ውስጥ ብቻ ነው። ልጅ ሊረዳ መጥቶ «እንደገና ልጫነው» ብሎ የቀኑን ሽያጭ ሊያጠፋው ይችላል።

ሌላው የዓርብ ማታ ጣጣ ድርብ ክፍያ ነው። ማሽኑ ዘገየ፣ ደንበኛው ካርዱን ድጋሚ ነካ፣ ሁለቱም አለፉ። መጀመሪያ የግዢዎችን ዝርዝር ይክፈቱ፤ የመጀመሪያው እዚያ ውስጥ ካለ አልፏል። ባለቤትዎም የሚያግዟችሁ ልጆችም ይህን አንዷን ነገር በደንብ ይወቋት። የቀድሞው ሰው ጠረጴዛ ሥር ካርቦን ወረቀት ላይ የሚያትም የድሮ ማሽን ካገኙ ለጌጥ ያስቀምጡት፤ የብዙዎቹ የዛሬ ካርዶች ቁጥር ስላልጎበጠ ምንም አያትምም።

አሁን ካሹ። ለመሳቢያው 200 ዶላር ይበቃል፦ አምስት ባለ 10፣ አሥራ ሁለት ባለ 5፣ ሃምሳ ባለ 1፣ ሦስት ጥቅል ኳርተር (በጥቅል 40 ፍሬ፣ 10 ዶላር)፣ አንድ ጥቅል ዳይም (5 ዶላር)፣ ሁለት ጥቅል ኒክል (4 ዶላር) እና ሁለት ጥቅል ፔኒ (1 ዶላር)። ባለ 20 ለመነሻ አያስፈልግም፤ ደንበኛው ራሱ ያመጣዋል። መሳቢያውን የሚገድለው ዓርብ ማታ 100 ዶላር ይዞ 3.50 የሚያወጣ በረዶ የሚገዛው ሰው ነው። «ከ20 ዶላር በላይ ኖት አንዘረዝርም» ብሎ መለጠፍ ይቻላል፤ ይለጥፉት።

ኳርተሩ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ማጠቢያው 2.50 ከሆነ 10 ፍሬ፣ ማድረቂያው 2 ዶላር ከሆነ 8 ፍሬ፤ አንድ ቤተሰብ አንድ ዙር ሲያጥብ 18 ኳርተር ይፈልጋል። ቅዳሜ ዕለት 20 ቤተሰብ ካጠበ 360 ፍሬ ነው፣ 9 ጥቅል፤ የመሳቢያዎ ሦስት ጥቅል ከምሳ በፊት አለቀ ማለት ነው። ውል ሲፈርሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ይሁን፦ የማጠቢያና የሻወር ማሽኖቹ የማን ናቸው? የካምፑ ከሆኑ የሳንቲም ሣጥናቸውን በየማታው እየከፈቱ እዚያው ሱቅ ውስጥ መልሰው ይዘርዝሩ፤ ያው ሳንቲም ሙሉ ወቅቱን ይዞራል። በውል የገባ ኩባንያ ከሆነ ግን ሳንቲሙን በሳምንት አንዴ ጠራርጎ ይሄዳል፤ እርስዎ ከባንክ እየገዙ ለእሱ ትመግባላችሁ። ያን ጊዜ ወይ የሚዘረዝር ማሽን ያስተክሉ፣ ወይ የማጠቢያ ቶከን (በሳንቲም ፋንታ ማሽኑ ውስጥ የሚገባ) ይጠይቁ።

ደንበኛው «አንድ ጥቅል ኳርተር በካርድ ስጠኝ» ሲል አይስጡ። የካርድ ድርጅቶቹ ደንብ ካርድ ተቀብሎ ጥሬ ገንዘብ መስጠትን ይከለክላል፤ በዴቢት የሚሰጠው ካሽባክ (ከግዢ ጋር ተጨምሮ የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ) ብቻ ነው የተፈቀደው። ደንቡ ባይኖርም በ10 ዶላሩ ላይ 41 ሳንቲም ከኪስዎ ይወጣል፣ ትርፉ ደግሞ ዜሮ ነው። ቶከን ግን የአገልግሎት ሽያጭ ስለሆነ በካርድ መሸጥ ይቻላል፤ ቶከንን የምመርጠው በዚህ ነው።

የበዓል ሰሞን ሳንቲም አስቀድሞ ይታዘዛል። ሜሞሪያል ዴይና ሌበር ዴይ ሁለቱም ሰኞ ስለሚውሉ ባንክ ይዘጋል፤ ትእዛዙን ቢያንስ ሐሙስ ጠዋት ይጨርሱ። አንዳንድ ባንክ የሳንቲም ትእዛዝ የሚቀበለው በቢዝነስ ሒሳብ ብቻ ነው፣ በጥቅልም ያስከፍላል።

ፔኒን (ባለ 1 ሳንቲሙን) በተመለከተ የአሜሪካ ሚንት (የሳንቲም መቅረጫው) ለመገበያያ የሚሆኑትን የመጨረሻ ፔኒዎች የቀረጸው ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ነው። በእጅ ያሉት አሁንም ሕጋዊ ናቸው፣ አዲስ ግን አይመጣም። ስለዚህ ዋጋችሁን ከታክሱ ጋር ሞልቶ እንዲመጣ አድርገው ይቁረጡ። ታክሱ 5.3 በመቶ በሆነበት ቦታ ማገዶውን 7.60 ቢያደርጉት ታክሱ 40 ሳንቲም ሆኖ ልክ 8 ዶላር ይመጣል። ደረሰኙ ላይ ታክሱ ለብቻው ይታይ። ለቤት የሚሆን የምግብ ሸቀጥ ቨርጂኒያ ውስጥ 1 በመቶ ብቻ ስለሆነ ዳቦውንና እንቁላሉን ለብቻ ያስሉ፤ ሬጅስተሩ ውስጥ ሁሉንም በአንድ ታክስ ማስገባት የጀማሪ ስሕተት ነው። ድምሩ ካልሞላና ፔኒ ከሌለ በካሽ ለሚከፍል ሁልጊዜ ወደ ታች ያጠጋጉ፤ ሦስትና አራት ሳንቲም ለጠብ አይበቃም። በካርድ ግን ማጠጋጋት የለም።

ሐሰተኛ ኖት። ኖት የሚፈተሽበት ያ ብዕር የሚለየው ወረቀቱን ብቻ ነው። ባለ 5 ዶላሩን አጥበው 100 ያተሙበት ኖት ወረቀቱ እውነተኛ ስለሆነ ብዕሩን ያልፋል። ርካሽ የአልትራቫዮሌት መብራት ይግዙ፤ ውስጡ ያለው ክር በ5 ዶላር ሰማያዊ፣ በ10 ብርቱካንማ፣ በ20 አረንጓዴ፣ በ50 ቢጫ፣ በ100 ሮዝ ሆኖ ይበራል። 100 የሚል ኖት ሰማያዊ ክር ካበራ ታጥቧል። በመሳቢያዎ ውስጥ ካገኙት ለሌላ ሰው መስጠት ወንጀል ነው፤ ለፖሊስ ይሰጣል፣ ኪሳራው የእርስዎ ነው።

አንድ መሳቢያ ሁለት ሰው አይነካውም። ባልና ሚስት ብትሆኑም። በፈረቃ ሲቀያየሩ ይቆጠር፤ የሚቆጥረው ሰውም ማሽኑ የሚጠብቀውን ድምር ሳያይ ይቁጠርና ቁጥሩን ከጻፈ በኋላ ይመሳከር። ድምሩን አይቶ የሚቆጥር ሰው እጁ ወደ ድምሩ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ዶላር ቢጎድል ይጻፍና ይታለፍ፤ በየቀኑ በተመሳሳይ መጠን ከጎደለ ግን የመልስ ስሕተት አይደለም። ከ250 ዶላር በላይ ያለው ወደ ተቆለፈው ሣጥን ይውረድ።

ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ለሚሸጠው ማገዶ የቀድሞው ሰው የእምነት ሣጥን (ደንበኛው ራሱ ገንዘቡን የሚጥልበት) ነበረው ብዬ እገምታለሁ። ይተዉት፣ ግን በብረት ተለውጦ፣ መሬት ላይ ታስሮ፣ በየማታው ባዶ ይደረግ። አጠገቡ የኪውአር ምልክት ሊለጥፉ ይችላሉ፤ በኢንተርኔት የሚከፈል ስለሆነ ተመኑ ወደ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይወጣል፣ በ8 ዶላሩ ላይ 53 ሳንቲም። ምልክቱን በመስታወት ሥር ያድርጉት፤ አጭበርባሪ የራሱን ምልክት በላዩ ለጥፎ የእርስዎን ማገዶ ሊሸጥ ይችላል።

ባንክና ታክስ ላይ በእኛ ሰው ዘንድ የሚደጋገሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከመሳቢያ አንስቶ በቀጥታ እቁብ መጣል ነው። እቁቡ ችግር የለውም፤ ሽያጩ ሳይመዘገብ መውጣቱ ነው ችግሩ። ሁሉም ካሽ መጀመሪያ ባንክ ይግባ፣ ከዚያ ወጥቶ ይጣል። ሁለተኛው ባንክ ሪፖርት እንዳያደርግ ብሎ ካሹን ከፋፍሎ ማስገባት ነው። ከ10,000 ዶላር በላይ ካሽ ሲገባ ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል፤ ሪፖርቱ ተራ ወረቀት ነው፣ ምንም አያመጣም። እሱን ለመሸሽ ብሎ 6,000 ዛሬ 6,000 ነገ ማስገባት ግን ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም በራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው። ከጁላይ 4 በኋላ 12,000 ካለዎት 12,000ውን በአንድ ጊዜ ያስገቡ።

በካርድ የገባው ደግሞ ምንም ያህል ቢያንስ በቅጽ 1099-ኬ ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) ይላካል፤ በቅጹ ላይ ያለው ክፍያው ሳይቀነስ፣ ታክሱ ሳይወጣ፣ የተመለሰ ዕቃም ሳይታሰብ ጠቅላላው ነው። ባንክዎ የገባውን ብቻ ከመዘገቡ ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም። ጠቅላላውን እንደ ሽያጭ፣ ክፍያውን እንደ ወጪ፣ ታክሱን እንደ ዕዳ በየቀኑ ለይተው ይያዙ።

ውሉ ላይ ሁለት ወጥመድ። ማሽን አይከራዩ። የ48 ወር የማሽን ኪራይ ውል በአብዛኛው አይሰረዝም፤ በወር 50 ዶላር ቢሆን 2,400 ዶላር ይደርሳል፣ ሱቁ በተዘጋበት ክረምትም ይቆረጣል። ተመሳሳዩ መሣሪያ ከ300 ዶላር በታች ይገዛል። ሁለተኛው፣ ሒሳቡን ሲከፍቱ ወቅታዊ ሥራ መሆኑንና በበዓል ሰሞን ሽያጩ ስንት እንደሚደርስ ይጻፉ። አዲስ ሒሳብ ላይ በሜሞሪያል ዴይ ድንገት ሽያጭ ሲፈነዳ የአቀነባባሪው ኮምፒዩተር ተጠራጥሮ ገንዘቡን ይይዘዋል፣ እርስዎ ደግሞ ማክሰኞ ለበረዶ አምጪው መክፈል አለብዎት። በደንበኛው የባንክ ወረቀት ላይ የሚወጣው ስምም የካምፑ ስም ይሁን። የድርጅትዎ የኤልኤልሲ ስም ብቻ ከወጣ ደንበኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ «ይህን አላውቀውም» ብሎ ይከሳል፤ ለ8 ዶላር ማገዶ የክርክር ክፍያው 15 ወይም 25 ዶላር ሊሆን ይችላል።

ዜል። ለአይስክሬም አይሆንም፤ ወረፋ ላይ ስልክ ቁጥር መለዋወጥ ጊዜ ይበላል፣ ያ ደካማ ኔትወርክም አለ። የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ወይም ሦስት አራት ቤተሰብ የቡድን ቦታ ይዘው ማገዶውን፣ በረዶውንና ውኃውን አንድ ላይ ሲያዝዙ ግን ጥሩ ነው፤ በ300 ዶላር ላይ የካርዱ ክፍያ 7.95 ነበር። በግል ሒሳብዎ ሳይሆን በቢዝነስ ሒሳብ ይቀበሉ፤ ባንክዎ ለቢዝነስ ዜል ያስከፍል እንደሆነና የቀን ጣሪያውን አስቀድመው ይጠይቁ። ሽያጩንም ሬጅስተሩ ላይ «ሌላ ክፍያ» ብለው ይምቱት፣ አለበለዚያ ታክሱ ይዘለላል። «ልኬያለሁ» ብሎ የሚያሳይዎት የስልክ ምስል በአንድ ደቂቃ የሚሠራ ነገር ስለሆነ፣ የአገር ልጅ ነው ብለው ሳይተዉ፣ ገንዘቡ ሒሳብዎ ውስጥ መግባቱን በራስዎ የባንክ መተግበሪያ ካላዩ ማገዶው አይጫን።